የንብ ድረ ገጼን ከሌሎች ገጾች ጋር በቀለበት ላያይዘው ወይስ ይቅርብኝ?

ንብ አናቢው (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። በባሕር ዳር ዙሪያ ከንብ አናቢ ገበሬዎች ጋር የምሠራ ባለሙያ ነኝ። ከአራት ዓመት ወዲህ ቀን በመስክ ያየሁትን ማታ ቤቴ ተቀምጬ በአማርኛ እጽፍና በአንድ የግል ድረ ገጽ ላይ አኖረዋለሁ፤ እስካሁን አርባ አንድ ጽሑፍ ደርሷል። ንብን ከባህላዊ ቀፎ ወደ ፍሬም ቀፎ እንዴት ማዛወር እንደሚቻል፣ አበባ በሚጠፋበት ወቅት በሶ፣ ሽሮና የስኳር ውኃ እንዴት እንደሚቀርብላቸው፣ ከአደይ አበባ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር ማር ሲቆረጥ ለንቦቹ ምን ያህል የማር እንጀራ መተው እንደሚገባ፣ ሰም እንዴት እንደሚጣራ የሚያስረዱ ጽሑፎች ናቸው፤ ፎቶግራፎቹንም ራሴ አንስቻቸዋለሁ።

ችግሬ አንባቢ ማጣት ነው። ቆጣሪው በቀን ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ጎብኚ ያሳየኛል፤ ከእነዚህም ውስጥ ሰው ሳይሆኑ ገጽ የሚያስሱ ፕሮግራሞች የሆኑት ጥቂት አይደሉም። አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ቻናል ሲጋራልኝ በዚያው ቀን ሁለት መቶ ያህል ሰው ይገባና በሦስተኛው ቀን ቁጥሩ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ የመጡትም ያንኑ አንድ ገጽ አይተው ይወጣሉ እንጂ ሌላውን አይከፍቱትም። በጉግል በኩል የሚመጣው ደግሞ ፊደል ላይ የተንጠለጠለ ነው። እኔ «ሰም» ብዬ የጻፍኩትን ሌላው «ሠም» ብሎ ይፈልገዋል፤ እኔ «ማነብ» ያልኩትን ሌላው «እርባታ» ይለዋል፤ ራሴ በሁለቱም አጻጻፍ ብሞክር የሚወጣልኝ ዝርዝር አንድ ዓይነት አልሆነልኝም።

ባለፈው ሳምንት ስለ ጓሮ አትክልት የምትጽፍ አንዲት እኅት በኢሜይል ጻፈችልኝ። እርሷን ጨምሮ አሥራ አንድ የአማርኛ የግል ድረ ገጾች በቀለበት ተያይዘዋል፤ በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ «ቀዳሚ»፣ «ቀጣይ» እና «በዕጣ» የሚሉ ሦስት አገናኞች አሉ፤ አንባቢው «ቀጣይ» እያለ ቢሄድ አሥራ አንዱንም ዞሮ ከተነሳበት ይመለሳል ማለት ነው። እኔ አሥራ ሁለተኛው እንድሆን ጋብዛኛለች። ከአባላቱ ውስጥ ስለ ሽመና፣ ስለ ሬዲዮ ጥገና፣ ስለ ብራና አዘገጃጀት የሚጽፉ እንዳሉ ነግራኛለች፤ ስለ ንብ የሚጽፍ ግን የለም።

ልቤ ወደ መግባቱ ቢያዘነብልም የሚያሠጉኝ ነገሮች አሉ። ሽመና ሊያነብ የመጣ ሰው ስለ ንብ ምን ያደርግለታል? እርስ በርስ መያያዛችንን ጉግል እንደ ማጭበርበር ቆጥሮ ያለችኝንም ጥቂት አንባቢ ያሳጣኝ ይሆን? ከጎረቤቶቼ አንዱ ነገ ገጹን በውርርድ ማስታወቂያ ቢሞላው ወደዚያ የመራሁት እኔ አልሆንም ወይ? ደግሞስ በገጼ ላይ የሌላ ሰው ኮድ ማስገባት አይኖርብኝም? ልምዱ ያላችሁ እንድትመክሩኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የቀድሞ ሙሴ

ወንድሜ ንብ አናቢው፣ ጥያቄህን ሳነብ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ወሰድከኝ፤ ስለዚህ ከታሪኩ ብጀምር ቅር እንደማትሰኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ዘመኑን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ1998 በሰሜን አሜሪካ ተማሪ ሳለሁ አንዲት የአማርኛ ገጽ ነበረችኝ። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ (የዓለምን ፊደላት ለኮምፒውተር በአንድ ወጥ ቁጥር በሚለየው መስፈርት) ውስጥ የተካተተው በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነውና ያን ጊዜ አማርኛ በኮምፒውተር ላይ አንድ ወጥ መለያ አልነበረውም። እያንዳንዱ የአማርኛ ገጽ የየራሱ ፎንት ነበረው፤ አንባቢው ፎንቱን አውርዶ ካልጫነ የሚታየው የላቲን ፊደልና የነጥብ ቅልቅል ብቻ ነበር። አንዳንዶቻችን ከዚህ ለመሸሽ ጽሑፉን እንደ ሥዕል አድርገን እናስቀምጠው ነበር። እንዲህ ያለውን ገጽ በአማርኛ ቃል ፈልጎ የሚያገኝ መፈለጊያ ከቶ ሊኖር አይችልም። አንባቢ የሚደርስልን ሰው ከሰው፣ ገጽ ከገጽ ሲመራው ብቻ ስለነበረ ቀለበት ለእኛ እንደ ጌጥ ሳይሆን እንደ መንገድ ነበር። አሥራ አራት ገጾች ተያይዘን፣ የዝርዝሩ ጠባቂ እኔ ሆኜ ለሦስት ዓመት ዞረናል። በጽዋ ማኅበር ልማድ «ሙሴ» ብለው ይጠሩኝ ነበር፤ እዚህም የምጠራበት ስም ከዚያ የመጣ ነው። ማኅበርተኛው ጽዋውን ዛሬ ከአንዱ ቤት ተቀብሎ በወሩ ለሌላው እንደሚያስረክብ ሁሉ፣ እኛም ጎብኚውን ተቀብለን አስተናግደን ለጎረቤት እናስረክበው ነበር።

አሠራሩ ከየት እንደመጣ ማወቅ ለስጋትህም ስለሚረዳህ ልንገርህ። በ1994 በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ዴኒስ ሃው የተባለ ሰው «ዩሮፓ» የሚባል የገጾች ቀለበት ጀመረ። በዚያ ዓይነት ቀለበት እያንዳንዱ ገጽ የተከታዩን አድራሻ ራሱ ይዞ ይቀመጥ ስለነበር አንዱ ሲዘጋ መዞሩ እዚያው ይቆማል። ኋላ ሴፍ የተባለውን የመረጃ ማከማቻ ሥርዓት የፈጠረው ሴጅ ዌል ገና በኦሪገን የሚኖር ወጣት ሳለ ዝርዝሩን በአንድ ማዕከል የሚይዝ ፕሮግራም ጻፈና በ1995 «ዌብሪንግ» አለው። ከዚያ በኋላ አባል ሲገባም ሲወጣም የሚለወጠው የማዕከሉ ዝርዝር ብቻ ሆነ። ዌል በ1997 ስታርሲድ ለተባለ ድርጅት ሸጠው፤ ስታርሲድን በ1998 ጂኦሲቲስ የተባለው የግል ገጾች ማስተናገጃ ገዛው፤ ጂኦሲቲስን ደግሞ በ1999 ያሁ ጠቀለለው። በመስከረም 2000 ያሁ ሥርዓቱን ከራሱ ጋር አዋሕዶ ሲለውጠው የየቀለበቱ ጠባቂዎች ለዓመታት ያበጁት መልክና አሠራር ስለፈረሰባቸው ብዙዎቹ ጥለው ወጡ፤ በ2001 ያሁ ራሱ ለቀቀው። ጂኦሲቲስም በአሜሪካ በ2009 ተዘጋ።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ለአንድ ነገር ነው። ቀለበትን የሚያጠፋው አብዛኛውን ጊዜ የአንባቢ ማነስ ሳይሆን ዝርዝሩ ከአባላቱ እጅ መውጣቱ ነው። ስለዚህ ለጋበዘችህ እኅት የመጀመሪያ ጥያቄህ «ስንት ሰው ያመጣልኛል?» የሚል አይሁን። ዝርዝሩ የት እንደሚቀመጥ፣ ዶሜይኑን (የቀለበቱን የድረ ገጽ አድራሻ) በስሙ የያዘው ማን እንደሆነ፣ እርሷ ብትታመም ወይም ብትሰለች ማን እንደሚተካት ጠይቃት። የእቁብ ዳኛ ሲመረጥ ዋስ ይጠየቅ የለም? እዚህም ዋሱ የዝርዝሩ ቅጂ በእያንዳንዱ አባል እጅ መኖሩ ነው።

ስለ ጎብኚ ቁጥር እውነቱን ልንገርህ። ጥቂት ነው የሚመጣልህ። ሆኖም በቀለበት የሚመጣው ሰው አንድ ረጅም የአማርኛ ጽሑፍ እስከ ግርጌው አንብቦ፣ አገናኙን አይቶ፣ «ቀጣዩ ምን ይሆን?» ብሎ የመጣ ነው፤ አንተ ያጣኸውም ይህንኑ ዓይነት አንባቢ ይመስለኛል።

ሽቦ አጣማሪ

ጋሼ ሙሴ ታሪኩን ስላብራሩልን አመሰግናለሁ። እኔ የኮድ ሰው ስለሆንኩ ወደ አሠራሩ ልግባ፤ የንብ አናቢው ስጋት ግማሹ የሚፈታው እዚያ ነው።

ዛሬ ቀለበት በሦስት መንገድ ይሠራል። አንደኛው ጋሼ የጠቀሱት ዓይነት ሲሆን አገናኙ ወደ ማዕከል ይሄድና ማዕከሉ ጎብኚውን ወደሚቀጥለው ገጽ ያሻግረዋል። ሁለተኛው በገጽህ ላይ አንድ መስመር ጃቫስክሪፕት (ገጹ ሲከፈት የሚሠራ የፕሮግራም ኮድ) እንድታስገባ ይጠይቅሃል፤ ያ ኮድ ዝርዝሩን ከማዕከሉ አምጥቶ የአገናኞቹን ሳጥን ራሱ ይሥላል። ሦስተኛው ከሁሉ የቀለለው ነው፤ የቀዳሚህንና የቀጣይህን አድራሻ በተራ ኤችቲኤምኤል (በድረ ገጽ መጻፊያው ቋንቋ) ራስህ ትጽፋለህ፣ ዝርዝሩ ሲለወጥም ራስህ ታስተካክላለህ።

ሁለተኛውን መንገድ ከሆነ የሚሰጡህ እንዳትቀበል እለምንሃለሁ። ከሌላ ሰው ሰርቨር የሚመጣ ጃቫስክሪፕት በገጽህ ላይ ከገባ የገጽህን ማንኛውንም ነገር ሊያነብና ሊለውጥ ይችላል። ዛሬ አገናኝ ብቻ የሚሥል ኮድ ነገ ሰርቨሩ ቢጠለፍ ወይም ዶሜይኑ ባለቤት ቢለውጥ አንባቢህን በሙሉ ወዳሻው ይወስደዋል፤ አንተም አንዲት ፊደል ሳትነካ ገጽህ የሌላ ሰው መሣሪያ ይሆናል። ተራ አገናኝ ግን ሰው ካልተጫነው በቀር ምንም አያደርግም። ሌላም ምክንያት አለ፦ አንተ የምትጽፍላቸው ሰዎች በስልክ፣ ያውም በሜጋባይት እየገዙ የሚያነቡ ናቸው። ሦስት የጽሑፍ አገናኞች ከአንድ ኪሎባይት ያንሳሉ፤ በአውሮፓውያኑ 1990ዎቹ ከተለመዱት 88 በ31 ፒክስል የሥዕል አዝራሮች ይልቅ ጽሑፍ ይሻልሃል።

አንደኛው መንገድ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር መርምር። አንዳንድ የቆዩ ፕሮግራሞች ጎብኚው ከየትኛው ገጽ እንደመጣ የሚያውቁት ማሰሻው (ብራውዘሩ) ከሚልከው የመነሻ አድራሻ ነው። ክሮም የተባለው የጉግል ማሰሻ ከ2020 ጀምሮ፣ በ85ኛው እትሙ፣ ወደ ሌላ ዶሜይን ሲሻገር ዶሜይኑን ብቻ እንጂ ሙሉውን አድራሻ እንዳይልክ ሆኗል። የራስህ ዶሜይን ካለህ ችግር የለውም፤ ብዙ ሰዎች አንድ ዶሜይን ተጋርተው በሚቀመጡበት ነጻ ማስተናገጃ ላይ ከሆንክ ግን ማዕከሉ አንተን ከጎረቤትህ መለየት ስለሚያቅተው ጎብኚው የማይሆን ቦታ ይወድቃል። መፍትሔው የአንተ መለያ በአገናኙ ውስጥ ተጽፎ እንዲሄድ ማድረግ ነው።

ስለ ጉግል የጠየቅኸው ተገቢ ነው። የጉግል ደንብ የሚከለክለው በፍለጋ ውጤት ላይ ደረጃ ለማግኘት ተብሎ ከመጠን በላይ የሚደረገውን «አገናኘኝ፣ አገናኝሃለሁ» የሚለውን ልውውጥ ነው። ሰዎች እንዲያነቡበት የተሠራ፣ አሥራ ሁለት የግል ገጾችን በግልጽ የሚያያይዝ ቀለበት ደንቡ ካነጣጠረበት ነገር የራቀ ነው ብዬ አምናለሁ። ሥጋቱ ካልለቀቀህ በአገናኞቹ ላይ «ኖፎሎው» የሚለውን ምልክት ጨምር። ይህ ምልክት ከአውሮፓውያኑ 2005 ጀምሮ አለ፤ ለመፈለጊያው «ይህን አገናኝ እንደ ድጋፍ አትቁጠርልኝ» ይለዋል፣ ሰው ሲጫነው ግን እንደ ማንኛውም አገናኝ ይሠራል። ገንዘብ ክፈል የሚሉህ ከሆነ ነገሩ ማስታወቂያ ስለሆነ እኔ ብሆን አልገባበትም። ከሁሉ በላይ ግን በጉግል ከፍ እላለሁ በሚል ተስፋ አትግባ። ከገባህ ስለ ጎረቤቶችህ አንባቢ ብለህ ግባ።

ለውጡን ለማየት የጠቅላላ ጎብኚውን ቁጥር አትከታተል። ቆጣሪህ ከየት እንደመጡ የሚያሳይ ከሆነ በቀለበቱ የመጡትን ለይተህ ከእነርሱ ስንቱ ሁለተኛ ገጽ እንደከፈተ ቁጠር።

የጥልፍ ቤት

ከላይ የጻፉት ወንድሞቼ ያሉትን እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ንብ አናቢው ስለ ውርርድ ማስታወቂያ የጠየቀው በእኔ ላይ የደረሰ ስለሆነ በዝርዝር ልናገር።

ስለ ባህል ልብስ ጥለት አወጣጥና ስለ እጅ ጥልፍ የምጽፍበት ገጽ አለኝ። ከስድስት ዓመት በፊት ወደ አርባ የሚጠጉ ገጾች ወዳሉበት አንድ ቀለበት ገብቼ ነበር። ሰብሳቢው የጠየቀውን ሁሉ ያስገባ ነበር፤ ብዛቱ ለእኔም መልካም መስሎ ታይቶኝ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ሰብሳቢው መልስ መስጠት አቆመ። ከአባላቱም የአንዱ የዶሜይን ክፍያ ጊዜ አልፎ ሌላ ሰው ገዝቶት ኖሮ የእግር ኳስ ውርርድ ገጽ ሆነ፤ የተቀመጠውም ከእኔ ቀጥሎ ነው። እኔ ይህን ያወቅሁት አንዲት የረጅም ጊዜ ደንበኛዬ፣ የእናቴ እኩያ የሆኑ ሴት፣ ስልክ ደውለው «ልጄ፣ ያንቺን መስቀለኛ ጥልፍ እያየሁ ቀጣይ የሚለውን ብነካው ገንዘብ አስገቢ ይለኛል፤ ምን ላስገባ?» ብለው ሲጠይቁኝ ነው። ጥለቱን ለመግዛት የሚከፈል መስሏቸው ነበር። እጄ ላይ የነበረውን ሥራ ጥዬ በዚያው ሰዓት አገናኙን ነቀልኩት። እኒያ ሴት ሌላ ነገር ሳያስገቡ በመጠየቃቸው እስከ ዛሬ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ አገናኝ መስጠት እንግዳን እጁን ይዞ ወደ ጎረቤት ቤት ማስገባት ነው። ጎረቤቱን ሳታውቀው አታስገባ። ሁሉንም አሥራ አንድ ገጾች ከመግባትህ በፊት ክፈታቸው፤ የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አይተህ አትመለስ፣ ቢያንስ ሁለት ሁለት ጽሑፍ አንብብ። ከገባህም በኋላ በየወሩ አንድ ቀን፣ እኔ ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ነው የማደርገው፣ «ቀጣይ» እያልክ ከራስህ ተነሥተህ ወደ ራስህ እስክትመለስ ዙረው። አሥራ ሁለት ገጽ ለመዞር ሩብ ሰዓት አይፈጅም። አርባ ገጽ ቢሆን ግን እንደማታደርገው አውቃለሁ፣ እኔም አላደረግሁትም። ጋሼ ሙሴ ዋናው ነገር ዝርዝሩ በማን እጅ እንዳለ ነው ብለዋል፤ በእኔ ልምድ ግን ዝርዝሩ በእያንዳንዳችን እጅ ቢኖርም አባላቱ የማይጠያየቁ ከሆነ አይረባም። እኔን የጠቀመኝ ማነሳችን ነው። አሁን ያለሁበት ቀለበት ዘጠኝ ገጽ ብቻ ነው፣ አሥረኛ ለመጨመር ሁላችንም እናነባለን፣ ሁላችንም እሺ ማለት አለብን።

ቁጥሩን ለጠየቅኸው፣ በዚህ በአነስተኛው ቀለበት በወር ከሠላሳ እስከ አርባ ሰው ይመጣልኛል። ጽሑፌ በፌስቡክ ሲጋራ በአንድ ቀን ከዚያ በላይ ይመጣል። ነገር ግን ባለፈው ዓመት በኢሜይል ከጻፉልኝ አንባቢዎች የሚበዙት በቀለበቱ በኩል ያገኙኝ ናቸው። አንዷ ስለ ተክል ቀለም ከምትጽፍ ጎረቤቴ የመጣች ናት፤ ክር በእንሶስላ ስትነክር የገጠማትን ነግራኝ እኔ ከዚያ ተነሥቼ ሁለት ጽሑፍ ጽፌአለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰዎች የቀለበቱን አገናኝ በመግቢያው ገጽ ላይ ብቻ ያኖሩታል። አንተ ግን በእያንዳንዱ ጽሑፍ መጨረሻ ላይ አኑረው። አንባቢ ወደ ሌላ ቦታ ለመሄድ የሚያስበው ያነበበውን ሲጨርስ ነው። በተጨማሪም «ቀጣይ» ብለህ ብቻ አትተወው፤ «ቀጣይ፦ ስለ ሽመና የሚጽፍ ገጽ» ብትለው ሰው ወዴት እንደሚሄድ ዐውቆ ይነካዋል።

ንብ አናቢው

ሦስታችሁም ጊዜያችሁን ሰውታችሁ ስለመለሳችሁልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። እኅቴ የጥልፍ ቤት እንደመከርሽኝ ቅዳሜና እሑድን አሥራ አንዱን ገጾች ሳነብ ቆየሁ።

ዘጠኙ ሕያዋን ናቸው። አንደኛው ከሁለት ዓመት ወዲህ አንድም ነገር አልተጨመረበትም፣ ሆኖም ጽሑፎቹ እንዳሉ ናቸውና አላስቀየመኝም። አንደኛው ግን ጨርሶ አይከፈትም፤ ዶሜይኑ ገና ሌላ ሰው አልወሰደውም። የውርርድም ሆነ ሌላ የሚያሳፍር ማስታወቂያ የትም አላየሁም። አገናኞቹ ተራ ኤችቲኤምኤል ናቸው፤ ጃቫስክሪፕት የለባቸውም። ጋሼ ሙሴ ያሉትንም ጠይቄአታለሁ፤ ዶሜይኑ በእርሷ ስም ሲሆን የዝርዝሩን ፋይል ማንም አባል ማውረድ ይችላል፣ ተተኪ ግን አልመረጡም።

ከሁሉ የገረመኝን ልናገር። የሬዲዮ ጥገናውን ገጽ የከፈትኩት ግዴታዬን ልወጣ ብዬ ነበር፤ ሁለት ሰዓት ቆየሁበት። ሰውዬው አሮጌ ትራንስፎርመር እንዴት እንደሚፈታ፣ ቀጭን ሽቦ ሳይበጠስ እንዴት እንደሚጠቀለል በየደረጃው ፎቶ አንሥቶ ጽፎታል። እኔ ስለ ሬዲዮ የማውቀው የለኝም፣ ግን የአጻጻፉ ትዕግሥት ከእኔ ጋር የሚቀራረብ ሰው እንደሆነ ነገረኝ። ሽመና የሚያነብ ሰው ስለ ንብ ምን ያደርግለታል ብዬ የጠየቅኩት ጥያቄ መልሱን በራሴ ላይ አገኘሁት።

አሁን የቀሩኝ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። በዝርዝሩ ውስጥ የማን ጎረቤት መሆኔ ልዩነት አለው ወይ? የማይከፈተውስ ገጽ ከዝርዝሩ እስኪወጣ ልጠብቅ ወይስ ገብቼ ልናገር?

ሽቦ አጣማሪ

ልዩነት አለው፣ ያውም ትልቅ። አብዛኛው ሰው አንዴ ወይም ሁለቴ «ቀጣይ» ብሎ ያበቃል፤ አሥራ ሁለቱን የሚዞር ጥቂት ነው። ስለዚህ ከፊትህና ከኋላህ ያሉት ሁለቱ ገጾች ከቀሩት ዘጠኙ ይበልጥ ሰው ይልኩልሃል። ለምነህ ቢሆን ብዙ ከሚነበብ፣ በጽሑፉ ጥራት ከሚቀርብህ ሰው አጠገብ ሁን። ጠባቂዋ ቅደም ተከተሉን በየመንፈቁ ብትቀያይረውም ጥሩ ነው፤ ያለዚያ ሁልጊዜ ከደከመው ገጽ በኋላ የተቀመጠ አባል ይጎዳል። የማይከፈተውን በተመለከተ አሁኑኑ ጻፍላት። የሞተ ዶሜይን በእኅታችን ላይ የደረሰውን ለመድገም የሚጠብቀው የሚገዛውን ሰው ብቻ ነው።

የጓሮ አትክልት ጸሐፊዋ

ይቅርታ አድርጉልኝና የተወራብኝ እኔ ነኝ፤ አንድ ወዳጄ ይህን ውይይት ልኮልኝ ሳነበው ዋልኩ። ንብ አናቢው የማይከፈተውን ገጽ ስላሳወቁኝ አመሰግናለሁ፤ ባለቤቱ ወደ ሌላ አገር ሄደው እንደሆነ ሰምቻለሁ፣ ገጹን ሲመልሱት እስኪነግሩኝ ድረስ ትናንት ማታ ከዝርዝሩ አውጥቼዋለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ዝርዝሩን ከጥር ወዲህ ዞሬ አላየሁትም ነበር። ከእንግዲህ በየወሩ የሚዞረው አንድ አባል ይሆናል፣ ተራውም እንደ ጽዋ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል ብለን ተስማምተናል። ተተኪም መርጠናል፤ የሬዲዮው ወንድማችን የዶሜይኑን መክፈቻ ከእኔ ጋር ይይዛሉ።

የጥልፍ ቤት ያልሽው የስምምነት ደንብ ለእኛም ይበጀናል ብዬ ለአባላቱ አቅርቤዋለሁ። ንብ አናቢውን ለመቀበል ግን ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም፣ ምክንያቱም ሁሉም ቀድመው የእርሳቸውን ጽሑፎች አንብበው ስለ ሰም ማጣሪያው ጨርቅ እርስ በርስ ሲከራከሩ ነበር። በሬዲዮውና በሽመናው መካከል ቦታ አለ።

ንብ አናቢው

ገብቻለሁ። ትናንት ማታ በአርባ አንዱም ጽሑፍ ግርጌ ሦስቱን አገናኞች ከነአጭር መግለጫቸው አስገባሁ፤ ለኖፎሎው አልተጨነቅሁም፣ ምክንያቱም ጎረቤቶቼን አንብቤ የመረጥኳቸው ስለሆኑ ድጋፌን ቢቆጥሩላቸው ደስ ይለኛል።

ዛሬ ጠዋት ከቀለበቱ የመጡት ሰባት ሰዎች ናቸው፤ አራቱ ሁለተኛ ገጽ ከፍተዋል። አንደኛው ራሱ የሬዲዮው ጸሐፊ ነው። የታተመ ሰም (ንቦች እንጀራቸውን የሚሠሩበት ቅርጽ የታተመበት ስስ ሰም) በፍሬም ሽቦ ላይ ስለማጣበቅ የጻፍኩትን አንብቦ ኢሜይል ልኮልኛል። እኔ ሽቦውን በጋለ ማንኪያ እየተጫንኩ ወደ ሰሙ እንደማስገባው፣ ሰሙም ብዙ ጊዜ እንደሚቀደድብኝ ጽፌ ነበር። እርሱ ደግሞ በሽቦው ሁለት ጫፎች ላይ 12 ቮልት ለጥቂት ሰከንድ ቢለቀቅበት ሽቦው ራሱ ግሎ ሰሙ ውስጥ ይሰምጣል፣ ኃይሉንም ከአሮጌ ትራንስፎርመር ማግኘት ይቻላል ይለኛል። የፍሬሜን ሽቦ ውፍረትና ርዝመት ለክቼ እንድልክለት ጠይቆኛል፤ ነገ ወደ መስክ ስወጣ መለኪያውን ይዤ እሄዳለሁ።